የጭራቁ ሰዓት

በአክሮን ከተማ፣ የጎማ ፋብሪካ ጭስ በሚያጥነው ሰፈር፣
አንድ የተዘጋ የልብስ እጥበት ቤት ነበር።
ኤልመር ቮስትሪክ የሚሉት የፀጉር ቤት ዕቃ ነጋዴ
“ፊልም ልሥራ” ብሎ ተነሣ፣ በጦፈ በጋ፣ አንዴ።
ሦስት ሺህ ዶላር ነበረው፣ ግማሹ ብድር፤
ካሜራው የሠርግ፣ መብራቱ ከጎረቤት ጓሮ አጥር።

ቤተ ሙከራውን ላስጎብኛችሁ።
ያ ሙት የሚያስነሣ ዙፋን፣ እያጉረመረመ የሚንቀጠቀጠው፣
የሴቶች ፀጉር ማድረቂያ ካስክ ነው፤ ኤልመር ሳይሸጥ የቀረው።
ነጎድጓዱ የቆርቆሮ ክዳን ነው፤ የኤልመር አማት ታናውጠዋለች፣
አንዴም ከመብረቁ ቀድማ አስነጥሳለች።
መርዙን አረንጓዴ ለማድረግ ግማሽ ቀን ደከሙ፤
ጥቁርና ነጭ ነበር ፊልሙ።
አንጎሉ አበባ ጎመን ነው፣ ከገበያ የመጣ፣
ሦስት ቀን መብራት ሥር ውሎ ሽታው የወጣ፤
“የሊቆች አንጎል!” እያለ ዶክተሩ ሲያቅፈው
ፊቱን ያዞረው በሐዘን አይደለም፤ ግማቱ አስገድዶት ነው።

ዶክተሩ ሆሊስ ፕሩየት ነው፣ ቀን ቀን ጫማ ሻጭ፣
ማታ ማታ ከመቃብር ሬሳ አውጭ፤
የሚናገረውን ከአጽሙ ጎድን ላይ ለጥፎ ያነባል፣
ዓይኑ እየተንሸራተተ አጥንት በአጥንት ይቆጥራል።
“ሞት ሆይ፣ ሎሌዬ ነህ!” ብሎ ያን የእብድ ሳቅ ሲለቅ
ሰው ሠራሽ ጥርሱ አመለጠ፤ ከብልቃጡ ውስጥ ጥልቅ!
ኤልመር ካሜራውን አላቆመም፤ ጥሬ ፊልም ውድ ነዋ።
ሳቁ በድድ ተፈጸመ።

ጭራቁ አባቴ ነው።
ቨርጂል ሃቸር፣ ቁመቱን በር የሚያጎነብሰው፣
በጎማ ፋብሪካው የማታ ፈረቃ የሚሠራው።
ቆዳው የሶፋችን ልባስ ነው፣ ቡናማ፣ ጸጉራም፤
እስከ ገና ባዶ ሽቦ ላይ ተቀመጥን፤ ማንም አላማረረም።
ጀርባው ላይ ያለውን ዚፕ እናቴ ኦፓል ናት የሰፋችው፣
“ላብ ገድሎት እንዳይቀር” ብላ እስከ ወገቡ ያወረደችው።

ባለፈው ዓርብ እኩለ ሌሊት፣ ክሊቭላንድ፣ አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት።
ተማሪዎች፣ ፈንዲሻ፣ የካርቶን ጭምብል፣ ጩኸት።
የአጽሙ ክር ሲታይ ያጨበጭባሉ፣
ጥርሱ ሲወድቅ ሆዳቸውን ይዘው ይወድቃሉ፤
ዚፑ ሲመጣማ ቆመው ሰላምታ ይሰጣሉ።
ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። መሐል ረድፍ ተቀምጬ፣
ጣቷን ወግቷት የጎበጠውን ስፌት አየሁ፣ አፍጥጬ።
አልሳቁም አልልም፤ ግን ማንም ወጥቶ አልሄደም፤
ሚሊዮን የፈሰሰበት ፊልም ላይ እንዲህ የሚጮኽ ሰው አላየሁም።

ከዚያ ያ ትዕይንት መጣ።
ራሷን የሳተችውን ዶሪንን ተሸክሞ ከጉድጓዱ ሲወጣ
የእጅ ሰዓቱ፣ ረስቶት፣ ጸጉራም አንጓው ላይ ያበራል፤
“አሥር ሰዓት ከሃያ!” ይላል አዳራሹ፣ ወለሉን በእግሩ ይደበድባል።
“ጭራቅ እንዲህ ይቸኩላል?” አለ አንዱ ከኋላዬ፣
“እንደ ድንች ጆንያ ጥሏት ሮጠ እኮ፣ አየህ አንተዬ!”

ይቸኩላል።
ፈረቃው አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ አውቶቡሱ ሰው አይጠብቅም።
ሦስት ደቂቃ ላረፈደ የሩብ ሰዓት ደመወዝ ይቆረጣል፤
ጭራቅም ቢሆን የቤት ኪራይ ይከፍላል።

እንደ ወጉ በመጨረሻ ቤተ ሙከራው ፈነዳ፤
ጭሱ ዱቄት፣ ግንቡ ካርቶን፤ ማንም አልተጎዳ።
በስም ዝርዝሩ ግርጌ፣ ጥግ ላይ፦ “ጭራቅ፣ ቨርጂን ሃቸር።”
ፊደሉን ለማረም ሁለት ዶላር ያስፈልግ ነበር።

መብራት ሲበራ፣ ጎኔ የነበረችው ልጅ ጭምብሏን አውልቃ
“የመጀመሪያሽ ነው?” አለችኝ።
“አይደለም” አልኳት።

ያን ቀን ደረሰ፤ አራት ደቂቃ ተርፎት።
አለቃው “አንገትህ ላይ የተጣበቀው ምንድን ነው?” ቢለው፣
“ሶፋዬ ነው” አለ አባቴ፤
ፈረመና ወደ ጭሱ ገባ።